ያገለገለ የናፍጣ መኪና ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?



በጥር ወር ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ሳለሁ ከኋላ የመጣ መኪና ገጨኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። መኪናዬ ግን አልተረፈችም። ኢንሹራንሱ የማሠሪያው ዋጋ ከመኪናዋ ዋጋ እንደሚበልጥ ገልጾ 7,400 ዶላር ከፈለኝ። ከቁጠባዬ 2,600 ዶላር ጨመርኩና በእጄ ድፍን 10,000 ዶላር ሆነ። ከዚህ ውስጥ የሚቀጥለው ሩብ ዓመት የመጻሕፍት ወጪም መውጣት ነበረበት።

ነገሩን ከባድ ያደረገው ገንዘቡ ብቻ አይደለም። የምንኖረው ሬይነር ቢች ነው። እናቴ ሲታክ ኤርፖርት ትሠራለች፣ ፈረቃዋም ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ይጀምራል። በዚያን ሰዓት ባቡሩ ገና ሥራ አልጀመረም። ስለዚህ በሳምንት አምስት ቀን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የማደርሳት እኔ ነኝ። መኪናው አንድ ሌሊት አልነሳም ካለ የሚጎዳው የእናቴ እንጀራ ነው። መኪና ስመርጥ ይህንን መርሳት አልነበረብኝም፤ ለሦስት ሳምንት ያህል ግን ረስቼው ነበር።

ያስረሳኝ አንድ የጀርመን ሥሪት ባለአራት በር መኪና ነው። በናፍጣ የሚሄድ፣ ዝቅ ያለ፣ ጥቁር፣ ፍጥነቱ ልብ የሚሰርቅ። ዋጋው 8,900 ዶላር። የሹፌር ልጅ ነኝና «ናፍጣ» የሚለው ቃል ለእኔ ጥንካሬ ማለት ነው። አያቴ በኤንትሬ ፊያት የአሰብን መንገድ ተመላልሷል። አባቴም እስከ ዛሬ ደሴ ላይ አይሱዙ ይነዳል። በቤታችን ቤንዚን የታክሲ፣ ናፍጣ የወንድ ልጅ ነዳጅ ነበር!

በመጨረሻ የወሰንኩትን ከታች እነግራችኋለሁ። ከዚያ በፊት ግን በእነዚያ ሦስት ሳምንታት የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላካፍላችሁ። ከመካከላችን ብዙዎች በዚህ ዓመት መኪና ይገዛሉና ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

1. ናፍጣ ሞተር በምን ይለያል?

የቤንዚን ሞተር ነዳጅና አየር ቀላቅሎ በካንዴላ ብልጭታ ያቀጣጥላል። ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን ብቻውን አጥብቆ ይጨምቀዋል፤ አየር ሲታመቅ ይግላል፤ በጋለው አየር ላይ ናፍጣ ሲረጭ በራሱ ይነዳል። ይህንን ሐሳብ ያመነጨው ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ በሚገባ የሠራውን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1897 አሳይቷል። «ዲዝል» የሚለው ስምም የእሱ ነው።

ከዚህ ሁለት ጥቅሞች ይገኛሉ። አንደኛ፣ አጥብቆ የሚጨምቅ ሞተር ከነዳጁ ብዙ ሥራ ያወጣል። በተጨማሪም በአንድ ጋሎን ናፍጣ ውስጥ ያለው ኃይል በአንድ ጋሎን ቤንዚን ውስጥ ካለው 13 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ሁለተኛ፣ በዝቅተኛ ዙር ብዙ የመግፋት ጉልበት አለው። ምሳሌ ልስጣችሁ። ቢ.ኤም.ደብሊው ከ2009 እስከ 2011 ሞዴል ድረስ አሜሪካ ውስጥ የሸጠው 335ዲ 265 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው፤ የመግፋት ጉልበቱ ግን 425 ፓውንድ-ፉት ነው። በዚያው ዘመን የነበረው ታዋቂው የእሽቅድምድም ዝርያ ኤም3 ደግሞ 414 የፈረስ ጉልበት ይዞ የመግፋት ጉልበቱ 295 ነበር። እንደ ሲያትል ዳገት በሚበዛበት ከተማ፣ ወይም ስኖኳልሚ ማለፊያን ሲወጡ፣ የናፍጣው ጉልበት ይታወቃል። እኔም በሙከራ ስነዳው ዳገቱ የቀለጠ መሰለኝ። ልቤን የወሰደው ያ ነው።

2. ታዲያ ለምን ጥቂት ሆኑ?

አሜሪካ ውስጥ የናፍጣ ባለአራት በር መኪና ብዙ ምርጫ የለውም። በገበያ ላይ የሚገኙት በአብዛኛው 335ዲ፣ ከ2014 እስከ 2018 የተሸጠው 328ዲ፣ የመርሰዲስ ብሉቴክ መኪኖች፣ የፎልክስቫገን ጄታና ፓሳት ቲ.ዲ.አይ. እና ጥቂት ሌሎች ናቸው።

ምክንያቱን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱት ይሆናል። እ.ኤ.አ. መስከረም 18 ቀን 2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ፎልክስቫገንን በይፋ ከሰሰ። በባለ 2.0 ሊትር ናፍጣ መኪኖቹ ውስጥ የተገጠመው የኮምፒውተር ፕሮግራም መኪናው በምርመራ ላይ መሆኑን ይለያል፤ ምርመራ ላይ ሲሆን ጭሱን ያጣራል፤ መንገድ ላይ ሲወጣ ማጣሪያውን ያላላል። በመንገድ ላይ የሚለቀው የናይትሮጅን ኦክሳይድ መጠን ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ይደርስ ነበር። ፍንጩን ያገኙት የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። መለኪያቸውን መኪናው ላይ ጭነው በመንገድ ላይ ስለነዱት ነው ልዩነቱን ያዩት። በላቦራቶሪ ብቻ ቢፈትሹት አይታወቅም ነበር። ኩባንያው በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ገደማ መኪኖች ይህ ፕሮግራም እንዳለባቸው አመነ። በ2016 አሜሪካ ውስጥ እስከ 14.7 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ስምምነት ተፈረመ፤ ከመኪኖቹ ብዙዎቹን መልሶ ገዛ፣ የተወሰኑትንም አስተካክሎ መልሶ ሸጠ። በ2020 ደግሞ የመርሰዲስ አምራች በተመሳሳይ ክስ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማማ።

ለገዢ ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ይነግረዋል። መኪናው ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ማስተካከያው ተሠርቶለት እንደሆነ በወረቀት መታየት አለበት። ከዚህም ሌላ አዲስ የሚመረተው ጥቂት ስለሆነ ናፍጣን በደንብ የሚያውቅ መካኒክ ማግኘት ከቤንዚን ይልቅ ይከብዳል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል።

3. ናፍጣ ራሱ ጠንካራ ነው፤ የሚታመመው ማጣሪያው ነው

ይህንን የነገረኝ ከአባቴ ጋር ስንነጋገር ነው። በስልክ ሁሉንም ከሰማ በኋላ «እስቲ የጭሱን መንገድ ንገረኝ» አለኝ። ስዘረዝርለት ሳቀ። «የእኔ አይሱዙ ይህ ሁሉ የለውም። አንተ የምትገዛው ናፍጣ ሞተር ከነፋብሪካው ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ዘመናዊ ናፍጣ መኪና ቢያንስ ሦስት የጭስ ማጣሪያ ዘዴዎች አሉት።

የመጀመሪያው ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ መልሶ የሚያስገባው ክፍል ነው። ይህ የናይትሮጅን ኦክሳይዱን ይቀንሳል። ነገር ግን ጥላሸቱ ከዘይት እንፋሎት ጋር ተቀላቅሎ የአየር መግቢያውን እንደ ምድጃ ጭስ ቀስ በቀስ ይደፍነዋል። በ2018 ቢ.ኤም.ደብሊው የዚህን ክፍል ማቀዝቀዣ ለመቀየር 328ዲን ጨምሮ በርካታ ናፍጣ መኪኖቹን ጠርቷል። ማቀዝቀዣው ካፈሰሰ እሳት ሊያስነሳ ይችላልና፣ መቀየሩን ሳያረጋግጡ መግዛት አይገባም።

ሁለተኛው ጥላሸቱን የሚይዘው ማጣሪያ ነው። ሲሞላ መኪናው ራሱ እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ አግሎ ጥላሸቱን ያቃጥለዋል። ለዚህ ግን ሞተሩ ግሎ ሳይቋረጥ አሥራ አምስትና ሃያ ደቂቃ ያህል መሄድ አለበት። በየጊዜው አጭር መንገድ ብቻ ከተነዳ ማጽዳቱ ይጀመርና ይቋረጣል፤ ማጣሪያው ይደፈናል፤ ያልነደደው ናፍጣም ወደ ሞተር ዘይቱ ወርዶ ያቀጥነዋል።

ሦስተኛው የዩሪያ ፈሳሽ የሚረጨው ክፍል ነው። ሁሉም ላይ የለም፣ ብዙዎቹ ላይ ግን አለ። ፈሳሹ 32.5 በመቶ ዩሪያ ሲሆን ቀሪው ውኃ ነው። ፈሳሹ ሊያልቅ ሲል መኪናው ያስጠነቅቃል። ችላ ካላችሁት አንዴ ካጠፋችሁት በኋላ አልነሳም ይላል።

አባቴ ይህንን ሁሉ ሰምቶ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ «ናፍጣ መንገድ ይወዳል። አንተ መንገድ አለህ ወይ?»

4. ሒሳቡን በወረቀት ላይ

ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝና ወረቀት አወጣሁ። የነዳጅ ዋጋ ስለሚለዋወጥ እናንተ በዕለቱ ዋጋ ቀይራችሁ ሥሩት። እኔ ናፍጣውን 5.00፣ ቤንዚኑን 4.50 ዶላር ብዬ ያዝኩ። በዓመት 12,000 ማይል እንነዳለን እንበል።

ናፍጣ መኪና በጋሎን 35 ማይል ቢሄድ፣ 343 ጋሎን ይፈልጋል፤ 1,715 ዶላር።

ተመሳሳይ የቤንዚን መኪና በጋሎን 27 ማይል ቢሄድ፣ 444 ጋሎን ይፈልጋል፤ 1,998 ዶላር።

ሃይብሪድ በጋሎን 50 ማይል ቢሄድ፣ 240 ጋሎን ይፈልጋል፤ 1,080 ዶላር።

ናፍጣው ከቤንዚኑ በዓመት የሚያተርፈው 283 ዶላር ነው፤ በወር ወደ 24 ዶላር። የደፈነ የጥላሸት ማጣሪያ መቀየር ግን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። አንድ ጊዜ ከተበላሸ የብዙ ዓመት ትርፍ ይሄዳል። ከሃይብሪዱ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ናፍጣው በዓመት 635 ዶላር ይበልጣል። ለካ «ነዳጅ ስለሚቆጥብ ነው የምገዛው» የምለው ራሴን ስሸነግል ኖሯል። የምፈልገው ስለምወደው ነው። መውደድ ነውር የለውም፤ ነገር ግን በስሙ ይጠራ።

ቀጥሎ የአንድ ሳምንት መንገዴን ጻፍኩ። ቤት ወደ ኤርፖርት ሰባት ማይል ገደማ፣ መመለሻው ያው። ትምህርት ቤት የምመጣው በባቡር ነው። ቅዳሜ ገበያ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን። ከሃያ ደቂቃ በላይ ሳይቋረጥ የምነዳበት መንገድ በወር አንዴ ቢገኝ ነው። በሌሊት ብርድ ተነስቶ፣ ሳይግል ደርሶ፣ ጠፍቶ፣ እንደገና የሚነሳ መኪና! ለናፍጣ ከዚህ የከፋ ኑሮ የለም።

5. ምርመራው

ይህን ሁሉ አውቄም ልቤ አልተወውም። «እስቲ ላስመርምረው» አልኩ። ዘመድ ያልሆነ፣ ሻጩንም የማያውቅ መካኒክ ፈልጌ 180 ዶላር ከፈልኩ። ሰውየው ያደረገውን እነሆ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ራሳችሁም ልታደርጉት የምትችሉት ብዙ ነው።

ሞተሩ ቀዝቅዞ እንዲጠብቀን አስቀድሞ ለሻጩ ነገረው። የናፍጣ ችግር የሚታየው በቀዝቃዛው ሲነሳ ነው። ስትደርሱ ኮፈኖው ሞቆ ካገኛችሁት ለምን እንደተሞቀ ጠይቁ።

ጭሱን አየ። ጥቁር ጭስ ነዳጅ በትክክል እንዳልነደደ፣ ሰማያዊ ዘይት እንደሚበላ፣ ሳይጠፋ የሚቆይ ነጭ ደግሞ ውኃ እየገባ ወይም ነዳጁ ሳይነድ እየወጣ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

ከዚያ ነጭ ሶፍት አውጥቶ የጭስ ማውጫውን ውስጡን ጠረገ። ሶፍቱ ከሰል ሆነ። «ማጣሪያው ቢኖር ኖሮ እዚህ ያለው ጥላሸት እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም ነበር» አለ። መኪናውን ወደ ላይ አንሥቶ ሲያየው ማጣሪያው ተቆርጦ ወጥቷል፣ በቦታው ባዶ ቧንቧ ተበይዷል። ኮምፒውተሩም እንዳይጮኽ ፕሮግራሙ ተቀይሯል። ያ ልብ የሚሰርቅ ፍጥነት በከፊል ከዚህ የመጣ ነው።

ማጣሪያ አውጥቶ መጣል በፌዴራል የአየር ንጽሕና ሕግ የተከለከለ ነው። የዋሽንግተን ግዛት የመኪና ጭስ ምርመራውን ከ2020 መግቢያ ጀምሮ ስላቆመ፣ ሰሌዳ ስታወጡ ማንም አይጠይቃችሁም። አደጋው እዚያ ላይ ነው፤ ችግሩ ለገዢው ሳይታይ ይተላለፋል። ወደ ነበረበት እንመልሰው ቢባል ዋጋው መኪናውን ያህላል፤ ጭሱንም የሚተነፍሱት የሰፈራችን ልጆች ናቸው።

ሻጩን ስጠይቀው «ሁሉም ሰው ያደርገዋል» አለኝ። አመስግኜው ሄድኩ። 180 ዶላሬ 8,900 ዶላር አዳነልኝ።

6. ለማንኛውም ገዢ የሚሆን ዝርዝር

ሀ. ባለ17 ፊደልና ቁጥር የሆነውን የመኪናውን መለያ በፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገቡ፤ ያልተሠራ ጥሪ ካለ በነጻ ይነግራችኋል።

ለ. ኮዱን የሚያነብ መሣሪያ ይሰካ። ስህተት አለማሳየቱ ብቻ አይበቃም። የምርመራ ነጥቦቹ «ገና አልተጠናቀቁም» ካሉ፣ ትናንት ማታ ስህተቱ ተሰርዞ ሊሆን ይችላል።

ሐ. የዘይት ቅያሪ ደረሰኝ ጠይቁ። ማጣሪያ ያለው ናፍጣ አመዱ ዝቅተኛ የሆነ ልዩ ዘይት ይፈልጋል። የቲ.ዲ.አይ. ሞተሮች የሚሠሩት በቺንጋ ስለሆነ፣ ከ100,000 ማይል ካለፈ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ በወረቀት ይታይ። ቺንጋ ከተበጠሰ ሞተሩ አለቀ ማለት ነው።

መ. ሊብሬው፣ እዚህ «ታይትል» የሚባለው፣ በሻጩ ስም መሆኑን፣ የባንክ ዕዳ አለመኖሩንና «ሳልቬጅ» ወይም «ሪቢልት» የሚል ምልክት አለመኖሩን አረጋግጡ። በዋሽንግተን ሻጩ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ መሸጡን ማሳወቅ አለበት፤ እናንተም በ15 ቀን ውስጥ ወደ ስማችሁ ካላዛወራችሁ ቅጣት አለው። ከግለሰብ ስትገዙም ግብር ትከፍላላችሁ፤ በጀታችሁ ውስጥ አስገቡት።

ሠ. «ካልተስማማኝ በሦስት ቀን እመልሳለሁ» የሚለውን ወሬ አትመኑ። ከነጋዴ ለተገዛ መኪና እንዲህ ያለ የፌዴራል መብት የለም።

ረ. ናፍጣ ከገዛችሁ ነዳጅ ስትቀዱ የእጀታውን ቀለም ሳይሆን ጽሑፉን አንብቡ። አረንጓዴ እጀታ ብዙ ጊዜ ናፍጣ ነው፤ ግን ቤንዚን የሚሆንባቸው ማደያዎችም አሉ። በስህተት ቤንዚን ከቀዳችሁ ሞተሩን አታስነሡ፤ አስጎትቱት።

ሰ. «ወደ ፊት አገር ቤት እልከዋለሁ» ብሎ መግዛት አይሠራም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሏን አስታውቃለች።

7. መጨረሻው

እኔ ናፍጣውን አልገዛሁም። በ8,200 ዶላር ዕድሜው ገፋ ያለ፣ የሙሉ ጥገና ወረቀት ያለው ሃይብሪድ ገዛሁ። ከግብሩና ከመጻሕፍቱ የተረፈችውን ለብልሽት አስቀመጥኩ። መልኩን ያየ ጓደኛዬ «የአያት መኪና» ብሎ ስቆብኛል፤ ልክ ነው። ነገር ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፉን ስነካው አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። የአጎቴ ልጅ ኦሎምፒያ ይኖራል፤ ሥራው ሲያትል ነው። በየቀኑ በአይ-5 ላይ 60 ማይል መጥቶ 60 ማይል ይመለሳል። ይህንን ዝርዝር ሰጠሁትና ማጣሪያው ያልተነካ፣ ጥሪው ሁሉ የተሠራለት፣ ደረሰኙ በአቃፊ የተቀመጠ ናፍጣ ፈልጎ አገኘ። እሱ መንገድ አለው፤ መኪናውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ሶፍቱን የጭስ ማውጫው ውስጥ ሲያሻሸው አብሬው ነበርኩ፤ ነጭ ሆኖ ወጣ። ሁለታችንም እንደ ሕፃን ሳቅን። አልፎ አልፎ ያስነዳኛል፣ ዳገቱ አሁንም ይቀልጥልኛል።

ስለዚህ «ናፍጣ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው መልሴ የአባቴ ጥያቄ ነው። መንገድ አለህ ወይ? መንገድ አለሽ ወይ? የአንድ ሳምንት ጉዟችሁን በወረቀት ጻፉና ከዚያ መኪናውን ምረጡ።

መኪና ለመግዛት የተዘጋጀ አባል ካለ በማኅበሩ የዓርብ ስብሰባ ያግኘኝ፤ ነጭ ሶፍት ይዤ አብሬ እሄዳለሁ። መልካም የትምህርት ጊዜ!